መኪናውን ለውጦ ራሱን ያልለወጠ ነጂ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ በጋበዘኝ ጊዜ፣ ከእኔ የሚጠብቀው ምናልባት በየዕለቱ ስለምሠራበት የአየር መጭመቂያ መሣሪያ ወይም ስለ ነዳጅ ቁጠባ የተዘጋጀ ጥናት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ይሁን እንጂ በመሐንዲስነት ዘመኔ ከብዙ ጥናት ይልቅ ያስተማረኝ አንድ የግል ጉዳይ ስላለ፣ እርሱን በፊታችሁ ለማቅረብ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ኮሚቴውም በደግነት ፈቀደልኝ። ጉዳዩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በ1996 ፈጣን መኪናዬን ሰጥቼ፣ በላዩም ገንዘብ ጨምሬ፣ ከእርሱ ይበልጥ ፈጣን የሆነ መኪና ወሰድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከመካከላችሁ ይህ የቅንጦት ወሬ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ቅንጦት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን «የበለጠ ችሎታ ያለው መሣሪያ» የሚለው አነጋገር በሙያችን ውስጥ በየቀኑ የሚነገር ሆኖ ሳለ፣ ትርጉሙ ምን እንደ ሆነ ቆም ብለን የምንጠይቀው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። እኔም ራሴ የጠየቅሁት ከረፈደ በኋላ ነበር።

የነበረኝ መኪና

የምኖረው በደቡብ ጀርመን፣ በሽቱትጋርት አቅራቢያ ነው። የፖርሽ ፋብሪካ የሚገኘው በዚህች ከተማ ስለሆነ፣ በዚያ የሚኖር ሰው 911 የሚባለውን መኪና ሳያይ የሚውልበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ይህ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1963 በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ መጠሪያው 901 ነበር። መካከሉ ላይ ዜሮ ባለበት ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ሞዴሎቹን የሚሰይመው የፈረንሳዩ የፔዦ ኩባንያ ስለ ተቃወመ ቁጥሩ ወደ 911 ተለወጠ። ሞተሩ የተቀመጠው ከኋላው አክስል በስተጀርባ ነው፤ 6 ፒስተኖቹ ሦስት ሦስት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል፤ እስከ 1990ዎቹ ዓመታት ድረስም የሚቀዘቅዘው በአየር ነበር። የመጀመሪያው ባለ 2 ሊትር ሞተር 130 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

እኔ በ1991 ያገለገለ፣ በ1986 የተሠራ ካሬራ ገዛሁ። ሞተሩ 3.2 ሊትር፣ ጉልበቱ 231 ፈረስ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰዓት 245 ኪሎ ሜትር ነበር። ለ5 ዓመታት ያህል፣ አየሩ በፈቀደ ቁጥር፣ ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቼ ከባደን ባደን ወደ ፍሮይደንሽታት በሚወስደው የጥቁር ደን የተራራ መንገድ ላይ እነዳ ነበር። መንገዱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው፣ በጥድ ደን ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚወጣ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያ መኪና ታማኝ ባልደረባዬ ነበር። እግሬ የነዳጁን ፔዳል ሲነካ ሞተሩ ወዲያውኑ ይመልስልኛል፤ ጥቂት ስጠይቀው ጥቂት፣ ብዙ ስጠይቀው ብዙ ይሰጠኛል።

ታዲያ ለምን ለወጥኸው ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር መኪናው ያጓደለብኝ ነገር አልነበረም። ያጓደለው ዓይኔ ነው። በአውቶባን ላይ ስሄድ አልፎ አልፎ የእኔኑ መኪና የሚመስል፣ ነገር ግን ጎኑ የሰፋ፣ ከኋላውም ትልቅ ክንፍ ያለው መኪና መጥቶ ያልፈኛል። በኋላው ክዳን ላይ «ቱርቦ» የሚል ጽሑፍ አለበት። የሰው ሆዱ ቢጠግብ ዓይኑ አይጠግብም እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለኝን መኪና የምመዝነው በሰጠኝ ደስታ ሳይሆን በሌላው መኪና ጀርባ ላይ ባነበብሁት ቃል ሆነ።

ቱርቦ ከየት መጣ

በመካከላችን ሌላ ሙያ ያላቸውም ስለሚገኙ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልናገር። ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ የሚያገኘውን ኃይል አንድ ሦስተኛ ያህሉን በጭስ ማውጫው በኩል እንደ ሙቀት ይጥለዋል። በ1905 አልፍሬድ ቡሂ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ፣ ይህ የሚጣለው ትኩስ ጭስ ተርባይን እንዲያዞር፣ ተርባይኑም በአንድ ዘንግ የተያያዘውን የአየር መጭመቂያ እንዲያዞር፣ መጭመቂያውም ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር እንዲገፋ የሚያደርግ ሐሳብ አቅርቦ የፈጠራ መብት አገኘ። ብዙ አየር ከገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ከዚያው መጠን ካለው ሞተርም ብዙ ጉልበት ይገኛል።

ይህ መሣሪያ መጀመሪያ በይበልጥ የተፈለገው ለፍጥነት ሳይሆን ለከፍታ መሆኑ ለእኛ በተለይ የሚገባን ነገር ነው። አውሮፕላን ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ይደክማል። በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ በኮሎራዶ ወደሚገኘው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ፣ ወደ 4,300 ሜትር ከፍታ ወጥቶ ቱርቦው የጠፋውን ጉልበት እንደሚመልስ በሙከራ አሳየ። በአዲስ አበባ ከፍታም የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለሆነም ቱርቦ የሌለው ባለ 231 የፈረስ ጉልበት መኪና እንጦጦ ሥር ቢነዳ ወደ 175 ገደማ ብቻ ይቀረዋል፤ ቱርቦ ያለው ግን የሚያጣው በእጅጉ ያነሰ ነው። ዳገት ላይ የሚያቃስት አሮጌ ናፍጣ መኪናና ያለ ድካም የሚወጣውን ባለ ቱርቦ መኪና ያየ ሁሉ ይህን ያለ ሒሳብ ያውቀዋል።

የፖርሽ መሐንዲሶች ቱርቦን በሚገባ የተማሩት በውድድር ሜዳ ነው። በ1972 እና በ1973 በሰሜን አሜሪካ በተደረገው የካን አም ውድድር ቱርቦ የተገጠመላቸው የ917 ዓይነት መኪናዎቻቸው ድል አደረጉ፤ በ1973 የተወዳደረው 917/30 ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ነበረው። ይህንኑ ዕውቀት ለመንገድ መኪና አውለው በ1974 በፓሪስ ትርኢት ላይ 911 ቱርቦን አቀረቡ። የነዳጅ ችግር ዓለምን ካስጨነቀ፣ በጀርመን አውቶባን ላይ እንኳ ለጥቂት ወራት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ከተከለከለ ገና ዓመት ሳይሞላ 260 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ለገበያ ማውጣት ድፍረት ነበር። በ1978 ሞተሩ ወደ 3.3 ሊትር አደገ፤ የተጨመቀውን አየር የሚያበርድ መሣሪያ ከኋላው ክንፍ ሥር ተገጠመለት፤ ጉልበቱም 300 ሆነ። ፍሬኑም ከውድድር መኪናው ከ917 የተወረሰ ሆነ። እኔ የለወጥሁት በዚህኛው ነው።

ልዋጩ

በአዲስ አበባ ያደጋችሁ ሁሉ በየሰፈሩ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ የሚዞረውን ነጋዴ ታስታውሳላችሁ። አሮጌ ልብስና ጫማ ሰጥተነው የምንቀበለው ሳህን ወይም ባልዲ ነው። የተሰጠውና የተወሰደው ነገር የተለያየ መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። የመኪናው ልዋጭ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነበር፤ የሰጠሁትና የወሰድሁት መኪና አንድ ስም፣ አንድ መልክ፣ አንድ ዓይነት መቀመጫና መሪ ያላቸው ስለሆኑ፣ ያንኑ መኪና ከጥቂት ጭማሪ ጋር የወሰድሁ መሰለኝ።

ነጋዴው አላታለለኝም። ካሬራዬን በተገቢ ዋጋ ተቀበለኝ፤ በ1987 ለተሠራው ቱርቦ የሚጨመረውንም ልዩነት ተስማምተን ከፈልሁ። በዚያው የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ቁልፉን ሲያስረክቡኝ፣ ይህ መኪና ዘግይቶ እንደሚመልስ፣ ሲመልስ ግን ሁሉን በአንድ ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ስለዚህ ለጥቂት ወራት እንደ አዲስ ተማሪ እንድነዳው በትሕትና መከሩኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ፤ ምክሩን ግን እንደ ሽማግሌ ወግ ቆጠርሁት። ሙያዬ የአየር መጭመቂያ ሆኖ ሳለ ስለ ቱርቦ የሚነግረኝ ሰው እንደማያስፈልገኝ ተሰምቶኝ ነበር።

እስቲ አሁን ቁጥሮቹን እናነጻጽር። ጉልበቱ ከ231 ወደ 300 ከፍ አለ፤ ይህም 30 በመቶ ጭማሪ ነው። የመጠምዘዝ ኃይሉ ከ284 ወደ 430 ኒውተን ሜትር አደገ፤ ይህም ከ50 በመቶ በላይ ነው። ከፍተኛው ፍጥነት ግን ያደገው ከ245 ወደ 260 ብቻ፣ ማለት 6 በመቶ ያህል ነው። ከቆመበት ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜም የቀነሰው ከ1 ሰኮንድ ባነሰ ነው።

ምክንያቱን እናውቀዋለን። አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት የሚያድገው ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ነው። ፍጥነትን በ6 በመቶ ለመጨመር ጉልበትን ወደ 20 በመቶ መጨመር ያስፈልጋል፤ የቀረውን ደግሞ የሰፋው ጎን፣ የሰፋው ጎማና ትልቁ ክንፍ ወስደውታል። በተጨማሪም ቱርቦው ከካሬራው ከ100 ኪሎ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ዓይኔ የተመኘው ፍጥነት ከዋጋው ጭማሪ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነበር። በርግጥ የለወጥሁት ነገር ፍጥነቱ ሳይሆን ኃይሉ የሚመጣበት ሁኔታ ነበር፤ ይህ ደግሞ በሽያጩ ወረቀት ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች በአንዱም አይነበብም።

ኃይሉ እንዴት ይመጣል

ቱርቦ ያለበት ሞተር አየሩ ተጨምቆ ስለሚገባለት፣ ነዳጁ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ሲባል የራሱ የመጭመቂያ ውድር ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። በካሬራዬ ውድሩ 10.3 ለ1 ነበር፤ በቱርቦው ግን 7 ለ1 ብቻ ነው። በመሆኑም ተርባይኑ ሳይፈጥን፣ ማለት ሞተሩ በደቂቃ ከ3,000 ዙር በታች ሲሆን፣ ያ የተፈራ መኪና ሰነፍ ነው። ፔዳሉ ይረገጣል፤ መልስ የለም። ጭሱ ይበዛል፣ ተርባይኑ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ወደ 0.8 ባር ይወጣል፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ሁሉ ተሰብስቦ ይመጣል። ማርሹም 4 ብቻ ስለነበረ ሞተሩን በተፈላጊው ዙር ላይ ማቆየት ቀላል አልነበረም።

በዚህ ላይ ሞተሩ ከኋላ አክስል በስተጀርባ መሆኑን እናስብ። ከመኪናው ክብደት 60 በመቶ ያህሉ ያረፈው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ነው። ነጂው በኩርባ ላይ ደንግጦ እግሩን በድንገት ከነዳጁ ላይ ቢያነሣ ክብደቱ ወደ ፊት ይዛወራል፤ የኋላ ጎማዎቹ መያዣ ያጣሉ፤ ከባዱ ጅራትም ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ በካሬራውም ያለ ጠባይ ነው። ሆኖም ካሬራው ስሕተትን ቀስ ብሎ ያሳውቃል፤ ቱርቦው አስቀድሞ አያሳውቅም።

እነዚህን ነገሮች ሁሉ አውቃቸው ነበር። በየሳምንቱ የኃይልና የዙር ግራፍ እሥል ነበርና ከናንተ አንዱ ቢጠይቀኝ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስረዳው ነበር። እጄና እግሬ ግን አያውቁትም ነበር።

በኩርባው ላይ

መኪናውን በወሰድሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ በጥቅምት ወር፣ የ12 ዓመት ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ በለመድሁት የተራራ መንገድ ላይ ወጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ የረገፈው ቅጠልም አስፋልቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። አንዱን ኩርባ ከግማሹ በላይ እንዳለፍሁ፣ በካሬራው እንደ ለመድሁት ነዳጅ ሰጠሁ። መልስ አልመጣም። ጨመርሁ። ኃይሉ የመጣው በዚያች ቅጽበት፣ መሪው ገና ተጠምዝዞ ሳለ ነው። የኋላው ሲንሸራተት ተሰማኝ፤ እኔም ማድረግ የማይገባኝን አደረግሁ፤ እግሬን አነሣሁ።

መኪናው እንደ እንዝርት ዞሮ፣ ፊቱን ወደ መጣንበት አቅጣጫ አድርጎ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመ። ከመስኮቱ ወደ ጥዶቹ ግንድ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ነበር። ከፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም። ማንም አልተጎዳም፤ መኪናውም አንድ ጭረት አልነካውም። ምስጋና ለአምላክ ይሁን።

ልጄ አላለቀሰችም። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «አባባ፣ መኪናው ነው ወይስ አንተ ነህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በአፌ ላይ የመጣው መልስ «መኪናው ነው» የሚል ነበር። እንዲያውም ጀምሬው ነበር። ግን ልጅ የአባቷን ፊት ታነባለች፤ አሁን ብዋሽ ሁለተኛ ከእኔ ጋር ስትሳፈር የምትተማመንበት ነገር እንደማይኖራት ገባኝ። ስለዚህ «እኔ ነኝ፤ መኪናው የተሠራበትን ነው ያደረገው» አልኋት። ቀስ ብለን ወደ ቤት ተመለስን። ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ስናገር ከተቆጣችው ቁጣ ይልቅ የከበደኝ ዝምታዋ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄን አብረን እንውጣ ብዬ ስጠይቃት የቤት ሥራ አለብኝ አለችኝ፤ የቤት ሥራ እንዳልነበረባት ግን አውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ

መኪናውን ለመሸጥ አሰብሁ። ከሸጥሁት ግን «እኔ ነኝ» ያልሁትን ቃል በተግባር «መኪናው ነው» ብዬ መለወጤ መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ የአዛውንቱን መካኒክ ምክር ዘግይቼ ተቀበልሁ። ክረምቱን በሙሉ፣ ውኃ በሚረጭበት ዝግ ሜዳ ላይ በሚሰጥ የመንዳት ትምህርት ተመዘገብሁ። ከእኔ በዕድሜ በሚያንሱ አስተማሪዎች ፊት በተደጋጋሚ ዞርሁ፤ አፈርሁም።

የተማርሁት ባጭሩ ይህ ነው። ፍሬን የሚያዘው ከኩርባው በፊት፣ መሪው ቀጥ እንዳለ ነው። ማርሽ የሚመረጠው ከመግባት በፊት ነው፤ ሞተሩ በኩርባው ውስጥ ከሚጠበቅበት ዙር እንዳይወርድ። ነዳጁ በጥቂቱና ሳይቋረጥ ይሰጣል፤ ኃይሉ ሲመጣ መንገዱ ቀጥ እያለ እንዲሆን አስቀድሞ ይታሰባል። በፍርሃት እግርን በድንገት ማንሣት ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ካሬራውን የምነዳው አሁን በማየው ነበር፤ ቱርቦውን የምነዳው ግን ከሁለት ሰኮንድ በኋላ በሚሆነው ነው። ልጄ እንደገና አጠገቤ የተቀመጠችው ከሰባት ወር በኋላ፣ እርሷው ጠይቃ ነው። ከመኪናው ጋር 8 ዓመት ኖርን፤ በ2004 ስሸጠው ከእኔ ይልቅ ያዘነችው እርሷ ነበረች።

ለሚለውጥ ሰው

ባልደረቦቼ፣ ከዚህ ተነሥቼ ለውጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ ያለኝ መኪና የከለከለኝ ነገር ምንድን ነው? መልሱ «ምንም» ከሆነ የሚፈለገው መኪና ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። ያለውን መኪና እስከ መጨረሻው ችሎታው የነዳ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም አልነበርሁበትም።

ሁለተኛ፣ አዲሱን ችሎታ የት ልጠቀምበት ነው? በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር የሚነዳበት መንገድ በጀርመንም ቢሆን ጥቂት ነው። በ200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ100 ከሚሄደው አራት እጥፍ የእንቅስቃሴ ኃይል እንዳለው፣ ፍሬኑም ያንን ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ እንዳለበት አንርሳ።

ሦስተኛ፣ ልዩነቱ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነውን? አይደለም። ሰፊ ጎማ ውድ ነው፤ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ነዳጁና መድኑ ሁሉ ከአዲሱ ችሎታ ጋር ያድጋሉ። በልዋጩ ቀን የከፈልሁት ገንዘብ የመጀመሪያው ክፍያ እንጂ የመጨረሻው አልነበረም።

አራተኛውና ዋናው፣ እኔስ እለወጣለሁን? ለመኪናው ከተመደበው ገንዘብ ጥቂቱን፣ ከጊዜውም ብዙውን ለነጂው መመደብ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ያልተዘጋጀ ሰው ያለውን መኪና ይዞ፣ ጥሩ ጎማ ገዝቶ፣ አንድ የመንዳት ትምህርት ቢወስድ የበለጠ ያተርፋል።

ዛሬ ይህ ሁሉ አልፎበታል የሚሉ አሉ። በርግጥ ከ1995 ጀምሮ 911 ቱርቦ በአራቱም ጎማ የሚገፋ፣ ሁለት ትንንሽ ቱርቦዎች ያሉት ሆኗል፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ተራው ካሬራ ራሱ ባለ ቱርቦ ነው። መልሱ ፈጥኗል፤ መኪናው ሊዞር ሲል የሚያርመው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያም አለ። ይህ ብዙ ነፍስ ያዳነ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን መሣሪያው የሚያርመው ጎማው ከመንገዱ ጋር ባለው መያዣ ልክ ብቻ ነው፤ ያንን ልክ መሣሪያው ራሱ ሊጨምረው አይችልም። የነጂው ስሕተት የሚሸፈንበት ፍጥነት ከፍ ባለ መጠን፣ መሸፈን የማይቻልበት ጊዜ ሲደርስ የሚከፈለውም ዋጋ ከፍ ይላል።

በሥራችንም ደንበኛ መጥቶ ከበፊቱ የበለጠ ጉልበት ያለው መሣሪያ ስጡኝ ሲለን፣ የካታሎጉን ትልቅ ቁጥር ከማሳየታችን በፊት ኃይሉ እንዴት እንደሚመጣና ማን እንደሚይዘው እንጠይቀው። ያ ሽማግሌ መካኒክ ለእኔ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። የሚሰማ ደንበኛ ባለማግኘታቸው ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም።